ሁለት የቤት ሥራ

ታክሲያችን ገፈርሳን ሲያልፍ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ገባና ቡራዩ የተማርኩበትን ክፍል አስታወሰኝ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱን የዘጋ ሰሞን ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ኦቦ ገመቹ በጫካው አቋርጠው በእግራቸው መጡ፤ ኮታቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ሌንሳም ቀርታለች። ሌላ ቀን ቢሆን ለጓደኛው የቤት ሥራ የሠራ ሰሌዳው ሥር ይንበረከካል።

«ዛሬ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ ለራሳችሁና ከጎናችሁ ለቀረው» አሉ።

«ካልመጣችስ ቲቸር?» አልኳቸው።

«እኔስ መጥቼ የለ» ብለው ጠመኔያቸውን አነሱ።

የሌንሳን ከራሴ የበለጠ አሳምሬ ጻፍኩላት።

የታክሲው ረዳት «ጠጋ በይ እህቴ» ሲለኝ ፈገግ ብዬ ተጠጋሁ። ለሌንሳ ቦታ የምለቅላት መሰለኝ።