አንድ እፍኝ ገለባ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ይህን ቀን ቢያዩት ምን ነበር። አጋሮ ባለው የቡና መፈልፈያችን ዛሬ አቧራ የሚስበው ማሽን ሥራ ጀመረ፤ እኔም ከደስታ ብዛት ጠዋት ቁርስ እንኳ አልበላሁም።

እሳቸው የመፈልፈያው ሞተር ሳይነሳ አንድ እፍኝ የቡና ገለባ ወደ ላይ ይበትኑ ነበር። ነፋሱ ገለባውን በወሰደበት በኩል፣ ከተፈለፈለው ቡና እንከኑን ከሚለቅሙት ሴቶች ማንም አይቀመጥም። አንዴ አንድ ነጋዴ መኪናውን አቧራ የማይደርስበት ጥሩው ቦታ ላይ አቁሞ፣ "አባባ፣ ሴቶቹ ለዛሬ በዚያኛው በኩል ይቀመጡ" አላቸው።

"ልጄ፣ መኪናህ አቧራ ቢጠጣ ይታጠባል። የእነሱ ሳንባ በምን ይታጠባል?" ብለው መኪናውን ከቦታው አስነሱት።

ዛሬ ሞተሩ ተነሳ፤ ብናኙ በቱቦው እየተሳበ ሲሄድ ግድግዳው ወለል ብሎ ታየኝ። ዘወር ስል ግን ለቃሚዎቹ ሰፌዳቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

"ምነው አትቀመጡም?" አልኳቸው።

"የት እንቀመጥ?" አሉኝ አንጋፋዋ እትዬ ዘሃራ። "ገለባ የበተነልን የለም።"

ሮጬ አንድ እፍኝ ዘግኜ በተንኩ። ገለባው እየተሽከረከረ ቱቦው ውስጥ ገባ። ያኔ ሴቶቹ እየሳቁ በሁሉም በኩል ተቀመጡ፤ አጎቴ ገለባ ሲበትኑ ይቆሙባት የነበረችው ቦታ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።