የነጂባ ሦስት ጨረቃ

ሙሜን ከመጀመሪያውም አልወደውም ነበር፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ነጂባ ግን ሰላሳ ዓመት ያህል አብራው በትዳር ኖራለች። ሐረር፣ ፈላና በር ላይ እሷ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እሸጣለሁ፤ ቤታችንም ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሱ ጅጅጋ ጫት ይነግዳል። ሲመጣም ሲሄድም ሳይናገር ነው።

በ1999 ሐምሌ ዘጠኝ፣ የረጀብ ጨረቃ በታየች ማግስት፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ "ዕቃሽን ሸክፊ፣ ጅጅጋ ልንገባ ነው" አላት።

"ይኼ የእናቴ ቤት ነው፣ የትም አልሄድም" አለችው።

"እንግዲያው ፈትቼሻለሁ!" ብሎ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ድስቴን እሳት ላይ ትቼ ወደ እሷ ሮጥኩ። ነጂባ ያንኑ ደጃፍ ትጠርግ ነበር፤ ምንም ቆሻሻ አልነበረበትም።

በማግስቱ ሸሪዓውን የሚያውቁት ሼህ ዓብዱላሂ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። "ዒዳሽን፣ የመጠበቂያ ጊዜሽን፣ ቤትሽ ሆነሽ ጨርሺ" አሏት። "የወር አበባ ለቆመባት ሴት ሦስት ወር ነው። እስከዚያ 'መልሻታለሁ' ካለ ሚስቱ ነሽ፤ ያንቺ እሺታ አያስፈልግም። ካለፈ ግን አበቃ።"

የመጀመሪያው ወር ላይ እንዲመጣ ነበር የምትጠብቀው። የጅጅጋ መኪና ጥሩንባ በነፋ ቁጥር ማንኪያዋን ጥላ ብድግ ትላለች፤ ሳምቡሳው ያርራል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ልጇ ሀናን ከድሬዳዋ እየደወለች "እማ፣ ይቅርታ በዪው" ትላታለች። በምን ጥፋቷ እንደሆነ አልገባኝም። ነጂባ ግን ደወለችለት። አላነሳም። ደግማ ልትደውል ስትል ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት።

ሁለተኛው ወር፣ ሻዕባን፣ ገባ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በሯን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ስቀሰቅሳት ተነሥታ ሆዷን በእጇ ጫን ጫን አደረገች።

"ለተማርያም፣ ጨጓራዬ እኮ መታመሙን ከተወ ሰነበተ" አለችኝ፤ ፈርታ ነው የምታወራው። ለዚያ ጨጓራ ስንት ዓመት ሙሉ ያልወሰደችው ኪኒን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈራው መምጣቱን ሆነ።

ረመዳን ከሚሊኒየሙ በዓል ጋር ገጥሞ ገባ። ከተማው መብራት በመብራት ሆኗል፣ ሳምቡሳዋ ከመጥበሻው ሳይወርድ ያልቃል፤ እሷ ግን እየከሳች ሄደች። አንድ ቀን ሼሁን መንገድ ላይ አስቆመቻቸው።

"ሼህ፣ እኔ ሳልሰማ 'መልሻታለሁ' ቢልስ?"

"ጅጅጋ ሆኖ ምስክር ፊት ቢለውም ይይዛል፣ ልጄ።"

ይኼ ነገር በላት። ዘይቱ ውስጥ ሳምቡሳ እየጨመረች "አሁን፣ በዚህች ሰዓት ብሎት ይሆን?" ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? "አቦ፣ ዝም በይ!" እላታለሁ፤ ማታ ስጸልይ ግን እኔም ለእመቤቴ እሱኑ እነግራታለሁ። አንድ ቀን በሐሳብ ሄዳ እጇን በዘይት ጠበሰችው።

የዒድ ዋዜማ ሕዝቡ ፈላና በር ተሰብስቦ ሰማይ ሰማይ ያያል። "ታየች! ታየች!" ሲባል ዘልዬ አቀፍኳት፤ ሦስተኛው ወር አልቋላ። ሰውነቷ እንጨት ሆኖ ነበር።

"ብሎት ከነበረስ?" አለችኝ በጆሮዬ።

ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ሐረር የሹዋሊድን በዓል ታከብራለች። በሹዋሊድ ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሙሜ ከች አለ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ በፌስታል ቀሚስ ይዟል፤ ሁለት ሽማግሌዎችና ሼህ ዓብዱላሂ ከኋላው አሉ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ።

"ምስክር ሁኑኝ፣ መልሻታለሁ" አለ ቆሞ። "ከሐምሌ ዘጠኝ እስከ ጥቅምት ዘጠኝ፣ ሦስት ወሩ የሚሞላው ነገ ነው።"

ሼሁ ጺማቸውን ዳበሱ። "ሙሜ፣ ጫቱን ነው በሀበሻ ወር የምትነግደው። ዒዳ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። አንተ ጭራሽ ጳጉሜንም ደርበህበታል። የዒድ ጨረቃ ስትታይ አልቋል።"

"ከዚያ በፊትስ ብለኸው ነበር?" አለች ነጂባ።

"ለምን እቸኩላለሁ? የት ትሄዳለች ብዬ ነው።"

ነጂባ የበሩን መቃን ያዘች።

"አሁን እንደ አዲስ ኒካህ ማሰር ነው የሚያስፈልገው፤ እሱም እሷ ከፈቀደች" አሉ ሼሁ። "ጠይቃት።"

ሙሜ ፌስታሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

"ነጂባ... እባክሽ፣ ትመለሺልኛለሽ?"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አሳዘነኝ። እሺ ልትለው ነው ብዬ ፈራሁ።

"አልመለስም፣ ሙሜ" አለችው። "አላህ መንገድህን ያሳምርልህ።"

ከወጡ በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ተናደድኩ። "ምን ያስለቅስሻል? ተገላገልሽ እኮ!" አልኳት።

"ጠየቀኝ እኮ፣ ለተማርያም" አለች። "ለካ መጠየቅ ይችል ነበር።"