ዲግሪ የሌለው ሰውና ሠላሳ ዲግሪ

አታምኑኝም፤ ግን ልናገረው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ማንበብ እንኳ ራሴን ያስተማርኩ ሳር ቤት ከዳኝ ስሆን፣ ታናሽ ወንድሜን ከሳንባ ምች የጠበቅሁት በክዳን ሙያዬ ነው። ሐኪሞቹም ትንሽ አግዘውኛል።

ወንድሜ የክዳን ሳር ሊያይልኝ ጓሳ ተራራ ወጥቶ ሲመለስ ፈረሱ ደንብሮ ጣለውና ጭንቅላቱ ከድንጋይ ተጋጨ። ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል አደረስነው። ራሱን አያውቅም። በአፉ በገባ ቱቦ ማሽን ይተነፍስለታል፣ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ምግብ ይወርድለታል። አንድ ዋንጫ ጠላ ባንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው፣ ትንፋሹንም መጠጡንም ለቱቦ አስረክቦ ተኛ።

ዶክተሩ ጠራኝና «ጭንቅላቱ እየተሻለው ነው፤ አሁን የምፈራለት የሳንባ ምችን ነው። እሱ ከመታው በዚህ አቅሙ አይችለውም» አለኝ።

እኔ ደስ አለኝ። የጭንቅላቱን ነገር አላውቅም፤ ምችን ግን አውቃለሁ! እኛ አገር ምችን የማያውቅ ማን አለ? በልተህ ላብህ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ይመታሃል፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ትጠጣለህ፣ ትታሻለህ፣ በቃ።

«ምቹን ለኔ ተወው ዶክተር» አልኩ። የገባኝ መስሎት ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ወዲያው አገር ቤት ሞላሌ ላሉት አክስቴ ደወልኩ። «ዳማ ከሴ ይዘው ይምጡ፣ ልጁን ምች ሊመታው ነው!»

በማግስቱ ጠዋት ስገባ፣ የአልጋውን ትራስጌ ከፍ አድርገው በመስኮት የገባው ፀሐይ ልክ ፊቱ ላይ አርፏል። ልጁን እንደ ብቅል አስጥተውታል! አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ መዘውሩን አገኘሁና አዞርኩት፤ ወንድሜ እንደ ሳንቃ ተዘረጋ። ፀሐዩ አለፈው። በራሴ ኮራሁ።

ሲስተሯ ምግቡን ይዛ ገባች። «ማነው ያወረደው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

ምግቡን አስቀምጣ መጀመሪያ አልጋውን ወደ ላይ መለሰችው። ከዚያ ዞራ «ጋሼ፣ ሊገድሉት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ፀሐይ እንዳይነካው ነዋ! ምች ያመጣበታል!»

ልትቆጣ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ይሄኛው ምች ከፀሐይ አይመጣም። ራሱን ስለማያውቅ በደንብ መዋጥም ማሳልም አይችልም። በጀርባው ከተዘረጋ ምግቡ ከሆዱ ይመለስና ከምራቁ ጋር ሾልኮ ሳንባው ይገባል። እሱ ነው የሚያሳምመው። ትራስጌው ከሠላሳ ዲግሪ መውረድ የለበትም።»

«ሠላሳ? እኔ እኮ አንዷም ዲግሪ የለችኝም ሲስተር!»

አሁን ሳቀች። ክንዷን ከክርኗ ቀና አድርጋ ልኩን አሳየችኝ። ያኔ ነው የበራልኝ። ክዳን ለጥ አድርገህ ከሠራኸው ዝናቡ ወደ ውጭ መውረዱን ይተውና ቤት ይገባል።

«ያፈሳል ነዋ የምትዪኝ!»

«አዎ ጋሼ፣ ያፈሳል።»

እሱን ቀድሞ ብትነግረኝ ኖሮ! ሠላሳ ለሳር ቤት አይበቃም፤ ለሰው ግን ይበቃል አሉ። መዘውሩ አርጅቶ ቀስ እያለ ይንሸራተት ነበር። እሷን አስፈቅጄ የትራስጌውን ከፍታ በክንዴ ለካሁና ግድግዳው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። እሷ ዲግሪ የሚለካውን ስልኳን አልጋው ላይ አስደግፋ ብትለካው «ሠላሳ አምስት» አለች። ከዚያ ወዲያ አልጋው ከፕላስተሩ ጣት ያህል ዝቅ ካለ እጮሃለሁ። አፉን የምታጸዳበት ሰዓት ሲደርስም እጮሃለሁ፤ የአፍ ቆሻሻም እዚያው ሳንባ ነው የሚወርደው ብላኛለች። እኔ ጥርሴን ለበዓል ነው የምፍቀው፤ እሱ ተኝቶ በቀን ስንት ጊዜ ይጸዳለታል!

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደረሱ። ለቅጽበት ዞር ብዬ ስመለስ፣ ከነጠላቸው ሥር ብልቃጥ አውጥተው ወደ ወንድሜ አፍ ጎንበስ ብለዋል። እጃቸውን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ! ጉሮሮውን ላርጥብለት ነው።»

«አይሆንም አክስቴ!»

«አንተው አይደለህ ዳማ ከሴ አምጡ ያልከኝ?»

«ያኔ ምቹን አላወቅሁትም ነበር።»

«ጉድ! አንተም የማታውቀው ነገር አለ? ሰዎች፣ ቀኑን ጻፉልኝ!»

«መዋጥ አይችልም እኮ። ጠብታዋ ሳንባው ነው የምትገባው።»

«ታዲያ ጉሮሮው ደርቆ ይሙትብኝ?» አሉና እንባቸው መጣ።

ልፋታቸው ከንቱ እንዳይቀር ብልቃጡን ተቀብዬ እሳቸው እያዩ ጭልጥ አደረግሁት። ሬት ነው! ዓይኔ አነባ።

«በል እንግዲህ፣ አንተ እንኳ ተርፈሃል» አሉኝ።

ከቀናት በኋላ ዶክተሩ ደረቱን አዳመጠና «ሳንባው ንጹሕ ነው» አለ። ቀስ በቀስ ከማሽኑ አላቀቁት፤ በራሱ ተነፈሰ። የመጀመሪያዋን ሳል ሲያስል አክስቴ እልል አሉ፤ ሲስተሯ ዝም አስባለቻቸው።

ዛሬ ወንድሜ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ቃላት ትንሽ ይከብዱታል። ይህን ሁሉ ሳወራለት «ትዋሻለህ» ይለኛል፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ምን ያውቃል? አክስቴ ደግሞ ያዳነው እኔ የጠጣሁት መድኃኒት በደም ተላልፎ ነው ይላሉ። አላምንም ያለ ሞላሌ ይምጣና ሁለቱንም ይጠይቅ። ሲስተሯንም ሂዱና ጠይቋት። ሦስቱም ሦስት ዓይነት ይነግሯችኋል፤ ልጁ ግን ቁጭ ብሎ እየተነፈሰ ነው። እሱንስ በምን ትክዱታላችሁ?