ለላፕቶፕ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሼ ገዛኸኝ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መቱ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት ክፍል ሠርተዋል። ዕቃ ሲወጣ የሚያማቸው፣ ሲገባ የሚሻላቸው ሰው ናቸው እያሉ ባልደረቦቻቸው ያሟቸው ነበር። የራሳቸውንም ቤት የሠሩት በዚሁ ጠባይ ነው። ቆርቆሮውን በየዓመቱ ገዢ ሲጠፋ ጠብቀው ጥቂት ጥቂት እየገዙ ስላለበሱት፣ ጣሪያው ከጎሬ መንገድ በኩል ሲታይ እንደ ተጣፈ ቡልኮ ቀለሙ ይለያያል። ከሰው አይበደሩም፣ ለሰውም አያበድሩም። ገበያ ሲወጡ ሻጩ እስኪያዝን ድረስ ይከራከራሉ፤ አዝኖ ሲቀንስላቸውም የቀነሰውን ለምን ከመጀመሪያው እንዳልቀነሰ ይጠይቁታል።

አንዲት ልጃቸው የምስራች ከእኒህ ሰው የፈለገችው ላፕቶፕ ነበር። ማንኛውም ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ንዝንዝ ያልቅ ነበር። እሷ የፈለገችው ግን አንዱን፣ ያንኑን ብቻ ነው።

የምስራች በሥነ ሕንፃ ተመርቃ ከዓመት በላይ ቤት ውላለች። በመጨረሻ ሥራ ሊሰጣት የፈቀደው ዋቁማ የሚባል፣ በመናኸሪያው በኩል ፎቅ ላይ የቤት ፕላን የሚሠራበት ቢሮ የከፈተ ሰው ነው። ቡናው ጥሩ ዋጋ ያወጣለት ገበሬ ሁሉ ከተማ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ በዚህ ላይ የዛሬ ደንበኛ በወረቀት ላይ መሥመር ብቻ ቢያሳዩት አይረካም። መሠረቱ ሳይቆፈር ቤቱን ከነቀለሙ፣ ከነበረንዳው፣ ዙሪያውን እየዞረ ማየት ይፈልጋል።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አላት ዋቁማ። «ማሽን ግን አልሰጥም። እዚህ ቤት ሁሉም የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። መጋቢት ሲጠባ ይዘሽ ነይ፤ ወንበሩን እጠብቅልሻለሁ።»

የትኛውን እንደምትገዛም የነገራት እሱ ነው። ገመቺስ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ሥራው አልቆ ሊሄድ ስለሆነ ላፕቶፑን ይሸጣል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ዕቃ ነው። ምስል የሚያንቀሳቅስ የራሱ ካርድ አለው፤ መቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ከሱቅ አይገኝም። የምስራች ሄዳ ሞከረችው። የመመረቂያዋን ቤት ከፍታ በጣቷ ገፋ ስታደርገው ቤቱ ያለ ምንም መንገጫገጭ ዞረ፤ ጀርባውን አሳይቶ ተመለሰ። እሷም የራሷን ሥራ እንደዚያ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበርና ለጥቂት ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣችም።

አባቷን ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

«ይሄ ሰውዬ ሠርቶበታል?» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ።

«ሠርቶበታል።»

«ሱቅ ያለው አዲሱስ ስንት ነው?»

«የዚህን ግማሽ። ግን አባዬ…»

«አሮጌ ሆኖ ከአዲስ የሚወደድ እኔ የማውቀው ጠጅ ብቻ ነው።»

«የውስጡ ነው የሚለየው። ባጃጅም መኪና ነው፣ አይሱዙም መኪና ነው። ቡና የሚጭነው ግን አይሱዙ ነው።»

«አንቺ የምትጭኚው ቡና አለሽ?»

በማግስቱ ዕቃውን በዓይናቸው እንዲያዩ ለምና ወሰደቻቸው። ጋሼ ገዛኸኝ መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑን እንደ በግ አገላበጡት። ከፊደሎቹ መካከል ጥቂቶቹ በጣት ብዛት ተፍቀው ጠፍተዋል። ጎኑን ዳሰሱት፤ ይሞቃል።

«ያተኩሳል» አሉ ለገመቺስ።

«ሲሠራ ይሞቃል፣ አባባ። የሁሉም ነው።»

«ትኩሳት ያለበት በሬ ከገበያ አይገዛም» አሉና ተሰናብተው ወጡ። በመንገድ ላይ ስለ ሱቁ ላፕቶፕ አወሩላት፤ ቀጭን ነው፣ ዋስትና አለው፣ ቦርሳና ማውስ በነፃ ይሰጣል። የምስራች መልስ አላጣችም። ነገር ግን መልሷ ሁሉ አባቷ አይተውት በማያውቁት፣ በዕቃው ሆድ ውስጥ ባለ ነገር ላይ የቆመ ነበር። እርሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ያልታየን ዕቃ ባለመረከብ ነው።

መላውን ያመጡት እናቷ እትዬ ዘውደነሽ ናቸው።

«አባትሽ ለእኔ እምቢ ይላል፤ ላንቺም እምቢ ይላል» አሏት ሽንኩርት እየከተፉ። «ለሽማግሌ ግን እምቢ ብሎ አያውቅም።»

«እማዬ፣ ለዕቃ ሽማግሌ ይላካል?»

«ለድንበር ይላካል፤ ለጠፋ በሬ ይላካል። ላፕቶፕ ከበሬ በምን አነሰ?»

የምስራች ሳቀች፤ ከዚያ ግን አሰበችበት። ሌላ መንገድ አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን የቤተሰቡ የነፍስ አባት ወደ ሆኑት ወደ አባ ዲበኩሉና ከያዮ የጫካ ቡና እያመጡ ወደሚነግዱት ጎረቤታቸው ወደ ኦቦ ጎንፋ ሄደች። ለሁለቱም ስለ ካርዱ፣ ስለ ዋቁማ፣ ስለ ወንበሩ አስረዳች። አባ ዲበኩሉ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያሉ ሰሟት። ስትጨርስ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ የምትለው ዋጋና አባቷ የሚሉት ዋጋ። እሷም ነገሩ ባጭሩ ስለገባቸው ደስ ብሏት ነገረቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እንደ ወጉ ከደጃፉ ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጋሼ ገዛኸኝ ሁለቱን በነጠላና በካፖርት ቆመው ሲያዩአቸው ፊታቸው ተለወጠ። ጓዳ ገብተው ኮታቸውን ደርበው ተመለሱ።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አሉ በቀስታ። «የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ የለም» አሉ አባ ዲበኩሉ።

«ታዲያ በምን ጉዳይ ነው?»

«በላፕቶፕ።»

ኦቦ ጎንፋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ጋሼ ገዛኸኝ ግን አልሳቁም። የቆመ ሽማግሌ የቆመ ሽማግሌ ነው፤ ስለ ምንም ይቁም። «እንግዲህ ተቀመጡ፤ የምትሉኝን እሰማለሁ» አሉ፤ ከዚህ ቃል በኋላ እምቢታ እንደሌለ በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል። የምስራች ልቧ ዘለለ።

ወዲያው ግን አባ ዲበኩሉ ወደ እሷ ዞረው «አንቺ ልጄ፣ ለጊዜው ደጅ ሁኚ» አሏት። ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ አይቀመጥም። ወጥታ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቆመች፤ ያካፋ ነበር። በመስኮቱ የኦቦ ጎንፋ ድምፅ ይሰማታል። ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ፤ ስለ ልጆች ያወራሉ፤ አባቷ አንድ ጊዜ «አተኩሷል እኮ!» ሲሉ ሰማች። ስለ ካርዱ ማንም ሲያነሣ አልሰማችም። ገብታ እንድትናገር ወጉ አይፈቅድም፤ ቆማ መስማቱም ከበዳት። ወደ ማድ ቤቱ ሄዳ እጇን አጥባ፣ እንደገና ተመለሰች።

ሲጠሯት ሁለቱም ሽማግሎች ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ አባቷም ጭምር።

«አባትሽ ጨመረ» አሉ አባ ዲበኩሉ። «አንቺ ደግሞ ትቀንሻለሽ። በሁለታችሁ ዋጋ መካከል ያለውን ትገዣለሽ። ተስማምተናል።»

የምስራች መጀመሪያ አልገባትም።

«አባ፣ በመካከል ያለው… በዚያ ዋጋ የሚገኘው አባዬ ከሚሉት ከሱቁ ላፕቶፕ ጋር አንድ ነው። ቀለሙ ነው የሚለየው። የምለው ሥራ በዚያ…»

«ኢንተለ ኮ» አሉ ኦቦ ጎንፋ፣ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ፣ በርኅራኄ። «አባትሽ ከቃሉ ወርዶልሻል። ስንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው፤ ለማንም ሲወርድ አላየሁትም። አንቺም ውረጂ። ሽማግሌ መሀል ላይ የሚያቆመው ማንም ተሸናፊ እንዳይሆን ነው።»

ከበስተኋላዋ እናቷ ክንዷን ቆነጠጧት። አባ ዲበኩሉ መስቀላቸውን አውጥተው ተነሡ፤ ምርቃቱም ተጀመረ። «በዕቃው ተጠቀሚበት፤ እንጀራ ይሁንሽ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እሷም አሜን አለች፤ ጎንበስ ብላም ጉልበታቸውን ሳመች።

ሰኞ ማለዳ ገመቺስ ጋ ሮጣ ዋጋውን እንዲቀንስላት ለመነችው። ከበደሌ አንድ ሰው ሙሉውን ልኮለት ዕቃውን እያሸገ ነበር። «ትናንት ብትመጪ እንኳ አልቀንስም ነበር፣ እህቴ» አላት፤ ሊያጽናናት ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር ሱቅ ሄዱ። ጋሼ ገዛኸኝ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ አልተከራከሩም። ባለሱቁ ራሱ ሊቀንስላቸው ሲል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት፤ ዋጋውን ሽማግሌ ቆርጦታል። ሽማግሎቹ ካሉት ጋር ትክክል የሚሆነውን ላፕቶፕ አስመርጠው ከፈሉ። ብርማ፣ ቀጭንና ቀላል ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ቦርሳውን ራሳቸው ያዙ፤ የሚያውቁት ሰው በተገናኛቸው ቁጥር ቆም ይሉ ነበር።

መጋቢት ሲጠባ የምስራች ዋቁማ ቢሮ ሄደች። በአዲሱ ላፕቶፕ የመመረቂያዋን ቤት ከፈተችለት። ቤቱ ሩብ ያህል ዞረና ቆመ፤ ነጭ ነገር ስክሪኑን ሸፈነው።

«ሌላ የለሽም?»

«የለኝም።»

«ትንሽ ብጠብቅሽ ታገኛለሽ?»

የአባቷን ፊት አሰበች፤ ቦርሳውን ይዘው ሲሄዱ። «አላገኝም» አለችው። ዋቁማ በእውነት አዘነ። ወንበሩን ከጎሬ ለመጣ ልጅ ሰጠው።

ለቤተሰቧ ቦታው ተይዞ ቆየኝ አለች። ከዚህ ሌላ ብትል የሽማግሎቹን ፍርድ መንቀፍ ይሆንባታል። ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤቱ አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ላፕቶፑ ለጽሕፈት ደህና ነው። አባ ዲበኩሉ በደጇ ባለፉ ቁጥር ባለጉዳይ ይልኩላታል። «ምርቃት እንዲህ ነው» ይሏታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ» ትላለች። ኦቦ ጎንፋም ለነጋዴዎቹ «እኛ ያስገዛናት ነው» እያሉ ያሳዩአታል።

አንድ ከሰዓት አባቷ እንግዳ ይዘው ወደ ክፍሏ ገቡ። ኦቦ ሌንጮ ይባላሉ፤ ኖፓ ላይ ቤት ሊሠሩ ያሰቡ የቡና ገበሬ ናቸው።

«ልጄ የተመረቀችው በዚሁ ነው» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ፣ ለእንግዳው ወንበር እየሳቡ። «ቤትዎን ከነቀለሙ አዙራ ታሳይዎታለች። ሌላ ቦታ ሄደው ብዙ አይክፈሉ።»

የምስራች አባቷን አየቻቸው። ነገሩን ማስቆሚያ መንገድ አልነበረም፤ እንግዳው ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። የድሮውን የመመረቂያ ሥራዋን ከፈተች። ቤቱ ቀስ ብሎ መጣ፤ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ በረንዳው።

«አቤት!» አሉ ኦቦ ሌንጮ። «ጀርባውስ?»

ጣቷን አስኬደች። ቤቱ ጥቂት ዞረና ጎኑን እንደሰጠ ደረቀ።

«አሁን ይዞራል» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ ለእንግዳው። ጠበቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «ምን ሆኖ ነው?»

«አይችልም፣ አባዬ።»

«ምን አይችልም?»

«ቤት ማዞር። ሲገዛም አይችልም ነበር።»

ጋሼ ገዛኸኝ ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ማመልከቻዎች አዩ።

«አባ ዲበኩሉ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ጎንፋስ?»

«እሳቸውም።»

«እንግዲያው አይስሙ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ይሆናሉ።»

ኦቦ ሌንጮ የሚባለውን አልሰሙም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሩቡን የዞረውን ቤት ከጎኑ ሊያዩት እየሞከሩ ነበር። «እኔ አልቸኩልም» አሉ። ጋሼ ገዛኸኝም ወንበር ስበው ከእሳቸው ጎን ተቀመጡ።