ሳይጠወልግ የቀረው ረድፍ

ሰሞኑን ልጄ ለባዮሎጂ ፈተና ጮክ ብላ ስታጠና እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማታለሁ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ባዮሎጂ ሰውን ከጦጣ ያዛምዳል ሲሉ ስለሰማሁ ከእምነቷ ያወጣብኛል ብዬ እሰጋ ነበር። "የተፈጥሮ ምርጫ" የሚለውን ስታስረዳኝ ግን ሐሳቤ ፎንቆ ከተማ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ጓሮ በረረ።

ልጅ እያለሁ ጓሯችን ሁሉ እንሰት ነበር። ቤቱ ሥር ያለው እናቴ የምትወደው፣ ቆጮው ነጭና ለስላሳ የሚሆነው ነው። አጥሩ ጋ ደግሞ አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ያመጣችው ቀላ ያለ አንድ ረድፍ ነበር። የሱ ቆጮ ቃጫ ይበዛዋል። እናቴ አማቷ ዞር ስትል፣ "ይሄ የአህያ ማሰሪያ ነው" እያለች ታስቀን ነበር።

አንድ ክረምት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገባ። አባቴ የታመመውን አንድ እንሰት ቆርጦ ቀበረና በሽታው በስለት ስለሚተላለፍ ቢላዋውን በእሳት ሳያልፍ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀን። እኔ ግን ለዳቦ ኮባ አምጪ ስባል ያንኑ ቢላዋ አነሳሁ። ከአጥሩ ጀምሬ እስከ ቤቱ ድረስ ከየተክሉ አንዳንድ ቅጠል ቆረጥኩ። የዚያን ዕለት ዳቦ ሽታው እስከ ጎረቤት ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ቤቱ ሥር ያለው እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። እንሰት ሲያልቅ የሚያልቀው የዓመታት ቀለብ ነው። እናቴን ፈርቼ ወደ አያቴ ሄድኩና እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። እጄን ይዛ አጥሩ ጋ ወሰደችኝ።

"ከዚህም ቆርጠሻል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ምንም አልሆነም። በዚያው ቢላዋ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ጠንካራ መሆኑን አውቀሽ ነው የመረጥሽው?" አልኳት።

"እኔ ምን መረጥኩ! በእናቴ ጊዜ ሌላው ሁሉ በዚሁ በሽታ አለቀ። የተረፈውን ተከልን።"

በኋላ እናቴ አንገቷን ደፍታ ወደ አያቴ መጣች። "እማማ፣ ከእርስዎ ረድፍ ችግኝ ባወጣስ?"

"ከየቱ? ከአህያ ማሰሪያው?"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ችግኙ እስኪደርስ ጃጁራ ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ቆጮ እየላኩ አቆዩን። እያደር ጓሯችን በሙሉ ቀላ፤ ጎረቤቱም ከኛ እየወሰደ ተከለ።

ይህን ለልጄ ስነግራት መጽሐፏን ዘጋች።

"በሽታው ነዋ ያጠነከረው?" አልኳት።

"አይደለም እማ። ድሮም ከሌላው የተለየ ነበር። ያልቻሉት ሲሞቱ እሱ ተረፈ፤ ከሱ የበቀሉትም እሱን መሰሉ። ግን ለእናትሽ ስለ ቢላዋው ነግረሻት ታውቂያለሽ?"

ነግሬያት አላውቅም። እሁድ ከጸሎት መልስ ደወልኩላት፤ ቢላዋውንም፣ አያቴ ያለችኝንም ሁሉ ነገርኳት።

"እና ምስጋናው ሁሉ ለአማቴ ሆነ?" አለች እየሳቀች። "እየሰደብኩትም ቢሆን ያልነቀልኩት እኔ አይደለሁ?"

ያኔ ድምጿን ስሰማ አጥር ዘልዬ የምሸሽ ልጅ ነበርኩ። አሁን ያ ድምፅ ቀጥኗል፤ ሳቋ እንዳያመልጠኝ ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጥብቄ ያዝኩት።