የጎመንና የዱባ ግጥሚያ

ጨዋታውን የጀመርነው በንዴት ነው። ደሴ ውስጥ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እኛ “ሜዳው” የምንለው ባዶ ቦታ ነበር። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ልጆች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ የምንገጥመው እዚያ ነው። አንድ ቀን ስንመለስ የቀበሌ ሰዎች ዙሪያውን እንጨት ተክለው እሾሃማ ሽቦ ሲወጥሩበት ደረስን። ቦታው ለሕዝብ ስብሰባና ለአብዮት በዓል ሰልፍ ተፈልጓል ተባለ። ስብሰባ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚጠራው። በቀረው ጊዜ ሜዳው ባዶውን ተቆልፎ ይውላል፤ እኛም ከሽቦው ውጭ ቆመን እናየዋለን።

እኔ የታችኛው ሰፈር ቡድን አምበል ነበርኩ። ሴት አምበል መሆኔን የላይኞቹ ብዙ ቀልደውበታል፤ ማሸነፍ ስንጀምር ተዉት። የእነሱ አምበል የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ቁጡ፣ ክርክር የሚወድ፣ ቃሉን ግን የማያጥፍ። ሜዳው ከታጠረ በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ከትይዩው ግንብ ላይ ተቀምጠን ስንበሳጭ ሐሳቡን ያመጣችው የእኔ ቡድን በረኛ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለሱ ይውላሉ። የዚያን ቀን የተቆላ የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች ትበላ ነበር። ፍሬውን ትታ ወደ ሽቦው ስታይ ቆየችና፣

“የከለከሉንን መሬት ሁሉ ማን ቀድሞ እንደሚያለማው ብንገጥምስ?” አለች።

በዚያን ዘመን የከተማ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው። ከደጃፍህ ውጭ ያለች ስንዝር መሬት ያለ ቀበሌ ፈቃድ አትነካም። እሑድ እሑድ ስማችን እየተጠራ ጦሳ ላይ ለዘመቻ ችግኝ እንተክላለን፤ ያልታዘዝነውን ባልታዘዝንበት ቦታ መትከል ግን ወንጀል ነው። ድርቁ ካለፈ ደግሞ ገና ብዙ አልቆየም። ከገጠር የመጡ ሰዎች በየመንገዱ ዳር ወድቀው አይተናል፤ ከእናቶቻችን ጋር ውሃና ንፍሮ ይዘን ወጥተናል። ከዚያ በኋላ ባዶ መሬት ተቆልፎ ማየት ኳስ ከመከልከልም በላይ ያናድደን ነበር።

ሕጉን ያወጣነው ስንከራከር ውለን ነው። የሚበላ ነገር ብቻ ይተከላል። በቀን ብርሃን ይተከላል፤ ማታማ ሰዓት እላፊ አለ፣ ደግሞም ተደብቆ መትከል የሌባ ሥራ ነው አለ የላይኞቹ አምበል። አንዱ የሌላውን አይነቅልም፤ የነቀለ ተሸነፈ። ለመብል የደረሰ ተክል እንደ ጎል ይቆጠራል፤ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት በቀረበ መጠን ደግሞ ክብሩ ይበልጣል። ዳኛ ያደረግናቸው ከመታጠፊያው ላይ ቆሎ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ጉዳችሁን አታሸክሙኝ ብለው እምቢ አሉ። በኋላ ምን እንደምንተክል ጠየቁን። ጎመንና ድንች ስንላቸው ፈገግ አሉና ወላሂ ለማንም አላዳላም ብለው ተቀበሉን።

ዘር ፍለጋ ከበረኛችን ጋር በአባቷ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ሄድን። ደሴ ላይ ሹራብ ለብሰን ተነስተን እታች ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። እዚያ የሚኖሩ አክስቷ ጓሯቸውን አስጎበኙን። ነገሩን ስንነግራቸው ቀበሌ እንዳያስራችሁ ብለው ተጨነቁ፤ ጭንቀታቸውን ሳይጨርሱ ግን ከጓዳ ደረቅ ዱባ አምጥተው ሰነጠቁና ፍሬውን እየመረጡ በጨርቅ ቋጠሩልን።

“አብሽሩ፤ ይሄ ዱባ አጥር አያግደውም” አሉን።

የበልግ ዝናብ ጀመረ። ላይኞቹ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ በተጣለ የመኪና ጎማ ውስጥ ቃሪያ ተከሉ። እኛ በክሊኒኩ አጥር ሥር ጎመን ዘራን። እነሱ በቦዩ ዳር ድንች ቀበሩ፤ እኛ ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ባቄላ አበቀልን። አተካከሉ እንዲህ ነው። ከቡድኑ ግማሹ በጨርቅ ኳስ እየተጯጯኸ የመንገደኛውን ዓይን ይይዛል፤ ሌላው ጫማ የሚያስር መስሎ ቁጢጥ ይልና በማንኪያ ይቆፍራል። ላይኞቹ ሲተክሉ እኛ ከማዶ ቆመን እናፏጭባቸው ነበር። ማፏጨት ተፈቅዷል፤ ማሳበቅ ግን ማንም አልሞከረም።

ከዚያ ላይኞቹ ጉድ ሠሩን። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ከሊቀመንበሩ መስኮት ሥር፣ ለአበባ ተብሎ የተሠራ የግንብ መደብ ነበር። አበባው ከደረቀ ቆይቷል። የልብስ ሰፊው ልጅ የአባቱን መታወቂያ ላሳድስ ብሎ ገብቶ፣ ወረፋ ሲጠብቅ የጎመን ዘር በተነበት። ጎመኑ ሲበቅል ሊቀመንበሩ አበባው ያቆጠቆጠ መስሎት የጽዳት ሠራተኛዋን ውሃ እንዲያጠጡት አዘዛቸው። ሴትዮዋ ጎመንን ከአበባ የማይለዩ ሰው አልነበሩም፤ ግን በየጠዋቱ አጠጡት። ሲደርስ ቀጥፈው ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ። ዳኛችን ለላይኞቹ ፈረዱ። ያን ሰሞን የላይኞቹን አምበል ኩራት የምንችልበት አንጀት አልነበረንም።

ክረምቱ ሲገባ መልሳችን ሜዳው ራሱ ሆነ። ዘበኛው የኩታበር ገበሬ ነበሩ። ድርቁ በሬዎቻቸውን ፈጅቶባቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ደሴ ገብተው፣ በቀበሌው ኮትና በአንድ ዱላ ሜዳውን ይጠብቃሉ። እኔ ከሽቦው ሥር ተንበርክኬ የኮምቦልቻውን ፍሬ ስቀብር ቀና ብል ከፊቴ ቆመዋል። ማንኪያዋን ከጀርባዬ ደበቅኩ። እጄን አዩ፤ አፈሩን አዩ፤ ከዚያ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። እስክጨርስ አልዞሩም።

ነሐሴ ሲጋመስ ዱባው ሽቦውን ይዞ ወጣ። እሾሁን በቅጠሉ ሸፍኖ፣ ተሻግሮ ሜዳው ውስጥ ወረደ፤ ከዚያም ለበዓሉ ወደተሠራው የእንጨት መድረክ አመራ። ቢጫ አበባው ከሩቅ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል፤ ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። አንዳንዱ ማሻአላህ ይላል፤ አንዳንዱ ያማትባል። አበባው ረግፎ ጡጦ የሚያክሉ ዱባዎች ብቅ ሲሉ ላይኞቹ እንኳ በየቀኑ እየመጡ ይጎበኙት ጀመር።

በዓሉ ሲቃረብ ሊቀመንበሩ መድረኩን ሊያይ መጣ። እኛ ግንባችን ላይ ነበርን። ዱባውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ያለ ፈቃድ የመንግሥት መሬት መያዝ ነው፣ አብዮቱን ማላገጫ ማድረግ ነው አለ፤ ዘበኛውንም ንቀል ብሎ አዘዛቸው። ዘበኛው ዱባውን ቁልቁል አዩት።

“ያፈራ አልነቅልም” አሉ።

ትእዛዝ መሆኑን ነገራቸው።

“ትእዛዙን ሰምቻለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልጄን ረሃብ ወስዶብኛል። ያፈራ አልነቅልም።”

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የቀበሌውን ኮት አውልቀው አጣጥፈው መድረኩ ላይ አኖሩት፤ ዱላውን አጠገቡ አጋደሙት፤ በበሩም ወጡ። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቢያይ የሚያዘው ሰው አጣ። ራሱ ገባና ሐረጉን ከሥሩ ይዞ እየጎተተ በጣጠሰው።

ከግንቡ መጀመሪያ የወረደው የላይኞቹ አምበል ነው። ተከተልነው፤ ሁለታችንም ቡድን አንድ ላይ በተከፈተው በር ገባን። ከተበጣጠሰው ሐረግ ላይ ለጋ ዱባዎቹንና ቅጠሉን መልቀም ጀመርን። ሊቀመንበሩ ውጡ እያለ ይጮሃል፤ እኛ እንለቅማለን። የልብስ ሰፊው ልጅ ቀሚሴ ላይ ዱባ ሲጨምርልኝ፣ ሊቀመንበሩ እንዲሰማ አድርጎ፣

“የነቀለ ተሸነፈ። ሕጉ ለሁሉም ነው” አለ።

ሊቀመንበሩ የተከለው ማን ነው አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ክንዴን ይዞ ቀበሌ ወሰደኝ፤ እስኪመሽ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። አባቴ መጥተው አስፈቱኝ። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ጠንቃቃ፣ በግራም በቀኝም ስማቸው እንዳይነሳ የሚኖሩ ሰው። የተለቀቅኩት አባል በሆንኩበት የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ቆሜ ራሴን እንድሂስ ተብሎ ነው። ቤት ስንገባ ለመኑኝ። አጥፍቻለሁ ማለት አፍ አያቆስልም፣ በይና ይለቅሽ፤ ስንቱ ልጅ በዚህ ከተማ ከዚህ ባነሰ ነገር ጠፍቶ ቀርቷል አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ላይኞቹም ታችኞቹም ከኋላ ቆመዋል፤ አባቴ ከፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ስሜ ተጠራና ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እስክነሳ ድረስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

“ዱባውን የተከልኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “አጥፍቻለሁ አልልም። መሬቱ ባዶ ነበር። ከርሞም ባዶ ካገኘሁት እተክልበታለሁ።”

ሊቀመንበሩ ንግግሬን እንዳስተካክል ዕድል ሰጠኝ። ጨርሻለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከማኅበሩ ተባረርኩ፤ ለሜዳው መግቢያ የሚሆን ድንጋይ ከወንዝ እየተሸከምኩ እንዳወጣም ተፈረደብኝ። ያለ ማኅበሩ ድጋፍ ሥራ ማግኘት ከባድ ስለነበር ያ መባረር በኋላ ብዙ በር ዘግቶብኛል። ዛሬም ተነሽ ቢሉኝ ከዚያ የተለየ አልናገርም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊቴ ከፊቴ ተራመዱ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በራችን ላይ ቆሙና የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ሰጡኝ።

“ድንጋይ ትከሻ ይልጣል” አሉ። “ይህን አጣጥፈሽ ከሥሩ አድርጊ።”

ዘበኛው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የበረኛችን አባት ቤተሰባቸውንና ዕቃቸውን በጭነት መኪናቸው ጭነው እስከ ኩታበር አደረሱላቸው። ሰፈሩ ዘርም ስንቅም አዋጥቶላቸው ነበር።

በስብሰባው ማግስት ጠዋት ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወንዝ ስወርድ ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ቀድመውኝ ደርሰዋል። የተቀጣው ማንም አልነበረም ከእኔ በቀር። የላይኞቹ አምበል ትልቅ ድንጋይ መርጦ እየተሸከመ፣ ዳገቱን የትኛው ቡድን ቀድሞ እንደሚጨርስ እንይ አለ። ተከፋፈልንና ጀመርን። ከመታጠፊያው ላይ ዳኛችን ቆሏቸውን ትተው ቆመው ያዩናል። ሊቀመንበሩ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ብቅ ሲል እየሳቅን፣ እየተጋፋን፣ አንዱ ሌላውን ለማለፍ እየሮጠ ዳገቱን ስንወጣ ተመለከተን። ሳቁን አቁሙ ብሎ ሰው ላከብን። የተላከው ሰው መልእክቱን ነገረን፤ ሰማነው፤ እየሳቅንም ድንጋያችንን አነሳን።