ከልጅቷ መጽሐፍ ጀርባ የተጻፈ አስተያየት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መጽሐፍ አከራያለሁ። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤትና በአንድ ወፍጮ ቤት መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወፍጮው ሲነሣ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ወፋፍራሞቹን መጻሕፍት ከታች፣ ቀጫጭኖቹን ከላይ አደርጋለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት ከማከራያቸው መጻሕፍት ነው፤ አንድም መጽሐፍ እኔ ሳላነበው ከሱቁ አይወጣም።

እኔ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ነጭ ወረቀት እሰፋበታለሁ። አንብቦ የሚመልስ ሰው የተሰማውን በእርሳስ ይጽፍበታል፤ ስሙን ግን አይጽፍም። የጀመርኩት ደንበኞቼ የገጹ ኅዳግ ላይ እየሞነጫጨሩ ስላስቸገሩኝ ነበር። እያደር ግን ሰው መጽሐፉን የሚመርጠው ከኋላ ገልጦ፣ አስተያየቱን አንብቦ ሆነ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራትማ በስልክ ይጨቃጨቅ የነበረው ወጣት ሁሉ ክርክሩን እነዚህ ወረቀቶች ላይ አመጣው።

ከሁሉም በላይ የተጻፈበት አንድ የትርጉም ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ከነስሙ ተገንጥሎ ስለጠፋ ሰው ሁሉ «የልጅቷ መጽሐፍ» ይለዋል። ታሪኩ በሩቅ አገር ስላለች የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ልጅቷ ስትደነግጥ አጠገቧ ያለ ሰው ልቡ ይቆማል። ማንንም መጉዳት አትፈልግም፤ ድንጋጤ ግን በፈቃድ አይደለም። አባቷ ከሚያሳድዷት ሰዎች እየደበቀ ከከተማ ከተማ ይዟት ይሸሻል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሐይቅ መካከል ወዳለች ደሴት ወስዶ፣ ዳቦና ብርድ ልብስ ትቶላት፣ እሷ ተኝታ ሳለ በጀልባው ብቻውን ይመለሳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያ መጨረሻ ከተማውን ለሁለት ከፈለው ብል ማጋነን ነው፤ የእኔን ደንበኞች ግን ከፍሏቸዋል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ጻፈ፦ «ገጽ ዘጠና ላይ ስደርስ ሁለት ተሳፋሪ አመለጠኝ። ምርጥ መጽሐፍ ነው። አባትየው ግን ፋራ ነው፤ መጀመሪያውኑ ጥሏት አይገላገልም ነበር?» ከሥሩ ሌላ እጅ መለሰለት፦ «እናትህ አንተን ጥላ ብትገላገል ኖሮ እኛም ባጃጅህ ላይ ከመገልበጥ በተረፍን።»

አንድ የቅኔ መምህር መጽሐፉን በጋቢያቸው ሥር ደብቀው ወስደው በሦስተኛው ቀን መለሱት። የእጅ ጽሑፋቸው የብራና ጽሑፍ ይመስላል፤ ስም ባይኖረውም ማንም ይለየዋል። «ሕፃን ምን በደለች? ጠበል ሳያስጠምቁ፣ የንስሐ አባት ሳያማክሩ፣ በጥይት ማሳደድ የማን አገር ሥርዓት ነው? ደራሲው ሰው አልመከረም።» አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደግሞ ልብ እንዴት እንደሚሠራ ግማሽ ገጽ ሙሉ አስረድቶ «ስለዚህ የማይሆን ነገር ነው» ብሎ ደመደመ።

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ የጻፈችው ይህ ነው፦ «ገጽ 141 ላይ አልቅሻለሁ። ወረቀቱን ያበላሸው እንባዬ ነው፣ ይቅርታ። እናት ብትኖራት አትጥላትም ነበር። እኔ ብሆን ከሷ ጋር እዚያው እሞታለሁ እንጂ አልለያትም።» ገጹን አየሁት። ያበላሸው የፀጉር ቅባት ነበር። ማልቀሷን ግን አልጠራጠርም፤ መጽሐፉን ስትመልስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ይህ ክርክር በተጧጧፈበት ዓመት ከቡሬ አካባቢ ገጠር የመጣች አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደንበኛዬ ሆነች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለከረመ ዕድሜዋ ከክፍሉ አልፎ ነበር። ፈተናው እንዳያመልጣት ብላ ከፀጉር ሠሪዋ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። «ዘንድሮ ካለፈኝ ሌላ ዓመት የለኝም» ትል ነበር፤ ይህንንም ያለችው አንዴ ብቻ ነው፤ ብዙ አትናገርም።

ለገጠር ደንበኛ መዝገቤ ላይ የቤተሰቡን መገኛ እጽፋለሁ፤ መጽሐፍ ይዞ የጠፋ እንደሆነ በገበያ ቀን ሄጄ የምጠይቅበት። ስጠይቃት «ቡሬ አካባቢ» ብቻ አለች።

«እናትሽ ቡሬ ገበያ ይወጣሉ?»

«ይወጣሉ።»

«የትኛው ተራ?»

ዞር ብላ በሩን አየች። «ሸክላ ተራ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሰው አትንገርብኝ።»

ለምን እንዳለችኝ አልጠየቅሁም። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ምግብ ላይ ወይ ሕፃን ላይ ካረፈ ይበላል ይባላል። ሰው ድስቱንና ጀበናውን ከእነሱ ይገዛል፤ ከእነሱ ጋር ግን አይበላም። እኔ ይህን የማላምን ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

የልጅቷን መጽሐፍ በሁለት ቀን አንብባ መለሰችው። የጻፈችውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«ሁላችሁም ስለ አባትየው ትከራከራላችሁ። ልጅቷ በመጽሐፉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትናገር የቆጠረ አለ? አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ‹እሺ› ማለት ነው። ሟቾቹንም ተመልከቷቸው። ሰው የሚሞተው እሷ ስትደነግጥ ነው፤ እሷ የምትደነግጠው ደግሞ ሰው ሲሸሻት ነው። ገጽ 63 ላይ ያለችው አሮጊት አልሸሸቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ ሾርባ አበላቻት። አልሞተችም። ደራሲው ይህን ጽፎ ረስቶታል።»

ገጽ 63ን ገለጥኩ። እውነቷን ነው። መጽሐፉን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ይህን ግን አላየሁም። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ጥፋቱን ያመጣው ያ ደስታ ነው።

በማግሥቱ ፀጉር ሠሪዋ ገና ጡት የሚጠባ ወንድ ልጇን አዝላ መጣች። ከእሷ አስተያየት ሥር ማን ምን እንደጻፈ ሳታይ ውላ አታድርም።

«ይቺን ደግሞ ማን ጻፋት?» አለች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ። «አስተማሪ ነው አይደል?»

«አስተማሪ አይደለም።»

«መቼም ባጃጁ አይሆንም። እሱ እስከ አሥራ አንድ መቁጠሩንም እንጃ።»

ተሳሳቅን። «ያንቺው ተከራይ ናት» አልኳት።

«የትኛዋ? ዝምተኛዋ? ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! የማን ልጅ ትሆን?»

እዚህ ላይ «እንጃ» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ነገር አጉድሎ መናገር አልወድም፤ ደግሞም ምስጋናውን ከፍ የሚያደርግላት መሰለኝ። «እናቷ ቡሬ ገበያ ሸክላ የሚሸጡ ናቸው፤ የሚሠሩትም ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤት ወጥታ እኮ ነው እንዲህ የምትጽፈው» አልኩ።

እጇ ወደ ኋላ ሄዶ የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነው።

ሕፃኑ በዚያ ሰሞን የጠባውን ያስመልስ ነበር። ማስመለስ የጀመረው ልጅቷ ክፍሉን ከመከራየቷ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ እናቱን ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ስለሆንኩ አስታውሳለሁ። ያኔውኑ ይህን መናገር ነበረብኝ። በሁሉ ነገር ቀን የምቆጥር ሰው በዚህ ዝም አልኩ። ሕፃኑ በኋላ በመድኃኒት ድኗል።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ክፍሉን እንድትለቅ ተነገራት። አነጋገሩም በአገራችን ወግ ነው፤ ክፉ ቃል የተናገራት የለም። «እህቴ ከገጠር ልትመጣብኝ ነው የኔ እመቤት፣ ክፍሉን ለእሷ ፈልጌው ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» ነው የተባለችው። ለፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በዚያው ቀን የልጅቷን መጽሐፍ አንድ ደንበኛ ሲመልስልኝ ከእሷ ጽሑፍ ሥር «ዓይን ያላት ለዓይን ትከራከራለች» የሚል አገኘሁ። በላጲስ አጠፋሁት። እርሳሱ ጠልቆ ስለነበር ወረቀቱን ዘንበል አድርጎ ለሚያየው አሁንም ይነበባል።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ወፍጮው ስለሚጮህ ኮቴ አይሰማም። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። በሩ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» ብዬ ለአክስቴ የለጠፍኳትን ወረቀት ታነባለች። እጄ የምሳ ዕቃውን ክዳን አንሥቶ ገጠመው።

እጄ ብዬ የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ልጅ ሆኜ በር ላይ ሰው በቆመ ቁጥር «ክደነው!» ስባል ነው ያደግሁት። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ እስከ እጄ አልደረሱም ነበር።

ክዳኑን አየችው።

«ብላ» አለች። «እኔ በልቻለሁ።»

«ግቢ እንጂ፤ እኔም ጠግቤ ነው።»

«ገና መጀመርህ አይደል እንዴ?» ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። ይዛው የመጣችውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፤ በእጄ አልሰጠችኝም። «ለእትዬ የነገርካት አንተ ነህ?»

«ለምስጋና ነበር። የጻፍሽው ደስ ብሎኝ…»

«አውቃለሁ። አንተ ክፉ አይደለህም።» የተለጠፈውን ወረቀት ዞር ብላ አየች። «ልጠይቅህ የመጣሁት ነገር ነበር።»

«ምንድን ነው?»

እንደገና የምሳ ዕቃውን አየች። «ተወው ወንድሜ። ደህና ሁን።»

ምን ልትጠይቀኝ እንደነበር ያኔ አልገባኝም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ገብቶኛል። ወረቀቷን ስታነብ አይቻታለሁ። ተነሥቼ ብጠራት ወፍጮ ቤቱን ሳታልፍ እደርስባት ነበር። ግን አክስቴ ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ወሬው እሷም ጋ ደርሶ ይሆናል፤ ምን ትለኛለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ ልጅቷ ሄደች። በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ተጠግታ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ከጓደኞቿ ሁለቱ ደንበኞቼ ነበሩ፣ ግን አልጠየቅኋቸውም። የልጅቷንም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንሥቼ ማከራየት አቆምኩ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ባለባጃጁ ብቻ ነው። «ክርክሩ ገና ሳያልቅ?» አለኝ ቅር ብሎት።

ፈተናው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድኩ። መጽሐፍ አልመለሰችም ልል አልችልም፤ ሁሉንም መልሳለች። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አልነበረኝም።

ሸክላ ተራ ከገበያው ዳር ነው፤ ከእህል ተራም ከቅቤ ተራም የራቀ። እናቷን በመልካቸው አወቅኋቸው፤ ግንባራቸው የእሷው ነው። አንድ ድስት በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ድምፁን ለገዢ ያሰማሉ። ገዢዋ እስክትሄድ ጠበቅሁ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ። ፍኖተ ሰላም ለልጅዎ መጽሐፍ የማከራያት ነኝ።»

«አንተ ነህ እንዴ?» ፊታቸው በራ። «ኧረ እግዜር ያክብርህ! ስትመጣ የምታወራኝ ያንን መጽሐፍህን ነበር እኮ።»

«አሁን የት ናት?»

«ባሕር ዳር ሰው ቤት ገባች፤ ልጅ ትይዛለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም።»

«ፈተናውስ?»

«ከዚህ እየተመላለሰች ልትማር ሞከረች። ተማሪዎቹ ከፍኖተ ሰላም ለፈተና የተጫኑ ለት መንገድ ተዘጋና እዚህ ቀረች። ከተማ አድራ ቢሆን ኖሮ ትደርስ ነበር።» ድስቱን ገለባው ላይ አስተካክለው አስቀመጡና ቀና አሉ። «እንግዲህ ከመጣህ ልጠይቅህ። ክፍሉን ልቀቂ ያሏት ለት ደውላ ‹መጽሐፍ አከራዩ አክስቱ ግቢ ክፍል አለ፣ እሱን እጠይቀዋለሁ› ብላኝ ነበር። ኋላ ‹አልሆነም› አለችኝ። ምን ብለህ መለስክላት?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ሄዳ እኮ ነበር።»

«መጥታለች። ምሳ እየበላሁ ነበር። ሳያት… ከደንኩት።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነገሩ ያነሰባቸው ይመስል አዩኝ።

«እሱን ነው?» አሉ። «እሱማ የዘወትር ነው ልጄ። በክዳን የምንቀየም ቢሆን በየት አገር እንኖር ነበር? እኔ የጠየቅሁህ ክፍሉን ነው። ሰው ይዞት ነበር?»

«አልያዘውም።»

«ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር። አሁንም ባዶ ነው።»

ሌላ ገዢ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እናትየው ወደ እሷ አዩ። ከዚያ ያለ ምንም ቁጣ «በል ልጄ፣ ለሰው መንገድ ልቀቅ» አሉኝ።

ወደ ዳር ወጣሁላቸው።